አንድን የአይሱዙ ሞተር ሁለት ጊዜ ያሳደስኩበት ምክንያት

የእኔ ኤን ፒ አር አይሱዙ በ2008 ዓ.ም. ሞተሩ ወርዶ ሙሉ እድሳት ተደረገለት፤ በ2010 ዓ.ም. ያው ሞተር እንደገና ወረደ። በመካከሉ የተጓዘው 43 ሺህ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በአግባቡ የታደሰ የናፍጣ ሞተር ከዚህ ብዙ እጥፍ መሄድ እንዳለበት የማያውቅ ባለመኪና የለም፤ እኔም አውቅ ስለነበር በመጀመሪያ የተናደድኩት በገዛሁት ዕቃ፣ ቀጥሎም በሠራው መካኒክ ላይ ነበር። ሁለቱም ድርሻ ነበራቸው፤ ትልቁ ጥፋት ግን የእኔው ነበር። ይህን የምጽፈው ከጎንደር ወደ መተማ ወይም በሌላ አቧራማ መንገድ አሮጌ የጭነት መኪና የሚያሠሩ ሰዎች ለፒስተንና በዙሪያው ለሚገባው ቀለበት፣ ለሪንግ፣ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ምን ማየት እንዳለባቸው ከእኔ ኪሳራ እንዲማሩ ነው።

ሞተሩ ፎር ቢ ዲ ዋን የሚባለው፣ አራት ሲሊንደር ያለው፣ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለውና 3.9 ሊትር የሆነው አሮጌው አይሱዙ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 102 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 118 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ በቀጥታ በብሎኩ ውስጥ አይመላለስም፤ ብሎኩ ውስጥ የተሰካ ስስ የብረት እጅጌ፣ ማለትም ሊነር አለው። ውኃ ሊነሩን በቀጥታ ስለማይነካው ሙቀቱ ወደ ብሎኩ የሚሻገረው ሁለቱ ብረቶች በደንብ ሲገጣጠሙ ብቻ ነው። ይህ ነጥብ በኋላ ያስፈልገናል።

ሥራዬ በአብዛኛው ከጥቅምት ጀምሮ ከመተማ በኩል ሰሊጥ ማውጣት ነው። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ሲሆን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ መኪናው ባዶውን ወርዶ 40 ኩንታል ተሸክሞ በጭልጋ በኩል ሽቅብ ይወጣል። ዋናው መንገድ ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ እርሻ ጣቢያዎች የሚያስገባው ጠረጋ መንገድ ነው፤ በዚያ ወቅት የዋልካው መሬት ደርቆ እንደ ዱቄት ስለሚልም ከፊት ለፊት የሚሄድ ትራክተር ካለ የራስን ኮፈን እንኳ ማየት ያዳግታል።

በ2008 መኪናው ዘይት ይበላ፣ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ጭስ ያወጣና የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት እንደ ጀበና ይተነፍስ ነበር። ዕድሜው ብዙ ነው፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከመሰበሩ በፊት ያሳይ የነበረው 600 ሺህን አልፎ ነበር። ስለዚህ ማንም «ለምን ደከመ?» ብሎ አልጠየቀም። አዲስ አበባ ወርጄ ከሶማሌ ተራ ፒስተን፣ ሪንግ፣ ሊነር፣ ቤሪንግና የጓርኒሲዮን (የማሸጊያ) ስብስብ ገዛሁ፤ ዋጋ ስለከበደኝ ግማሹን ኦሪጅናል፣ ግማሹን ርካሽ አድርጌ ደባለቅኩ። ሞተሩ በአራት ቀን ተገጠመ። ሲነሳ ድምፁ ያማረ ስለነበር ጋራዡ ላሉት ሁሉ ምሳ ጋበዝኩ፤ አሁን ሳስበው ለዚያ ምሳ ያወጣሁት ገንዘብ አንድ ጥሩ የአየር ፊልትሮ ይገዛ ነበር።

ወደ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ዘይት መጨመር ጀመርኩ። በመጀመሪያ ከመተማ መልስ ግማሽ ሊትር፣ ከዚያ አንድ ሊትር፣ በመጨረሻም አንድ ጉዞ ላይ ሦስት ሊትር ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው አዘዞ አካባቢ የሚሠሩ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ ዘንድ የሄድኩት። ጋሼ እያልኩ ስለምጠራቸው እዚህም እንዲሁ እላቸዋለሁ። መኪናውን ሲያዩ ወደ መፍቻቸው አልሄዱም፤ በመጀመሪያ ባትሪውን በደንብ እንድሞላና በማግስቱ እንድመለስ ነገሩኝ። ምክንያቱ በማግስቱ ገባኝ፤ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት፣ የሚለካው ሞተሩ በቂ ፍጥነት ይዞ ሲዞር ብቻ ስለሆነ በደከመ ባትሪ የተገኘ ቁጥር ሰው ያሳስታል።

ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ወጥተው የግፊት ጌጁ ሲገባ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሲሊንደር በተራ 19፣ 14፣ 15 እና 18 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ተገኘ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጤነኛ ሞተር በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ 30 ገደማ ይባላል፤ ያ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል ነው። ጎንደር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ስለሚያንስ ሲሊንደሩ ሲጀመርም የሚስበው አየር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ እዚህ 24 ያሳየ ሞተር ጤነኛ ነው፣ ሊወርድም አይገባውም። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር ያስፈቱ ሰዎች አውቃለሁ። የእኔ ግን በዚህም ሒሳብ ወድቋል፤ መሃል ያሉት ሁለቱ ደግሞ ከዳር ካሉት ይበልጥ ደክመዋል።

ጋሼ ቁጥሮቹን በኖራ ግድግዳው ላይ ከጻፉ በኋላ «አየሩን በየት በኩል ነው የሚስበው?» አሉኝ። ፊልትሮውን አሳየኋቸው። ፊልትሮው አዲስ መሆኑን፣ በየሳምንቱም በኮምፕረሰር እንደማስነፋው በኩራት ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ቱቦ ፈትተው ከኪሳቸው የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አወጡ፤ በጣታቸው ጠቅልለው የመሳቢያውን ብረት ውስጡን አንድ ጊዜ ዞር አድርገው ጠረጉት። ጨርቁ ሲወጣ ግራጫ ነበር። በሁለት ጣታቸው አሹትና ወደ ጆሮዬ አቀረቡት፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይንሿሿል። «ልጄ፣ ይኸን ሞተር እኮ ወፍጮ አድርገኸዋል» አሉኝ።

ቱቦውን ገልብጠን ስናየው ከታች በኩል፣ ማጥበቂያው ቀለበት በሚያርፍበት ቦታ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። ከላይ ሲታይ ምንም አይታወቅም፤ ሞተሩ ሲስብ ግን ትከፈታለች። ከፊልትሮው በኋላ የገባ አቧራ የሚያስቀረው ነገር ስለሌለ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከዘይት ጋር ይቦካል፤ የቫልቭ መቀመጫ ለማለስለስ ከሚቀባው የመፍጫ ቅባት ልዩነት የለውም። በ2008 ያቺ ስንጥቅ ነበረች ወይ ብትሉኝ፣ ጎማው ያኔም አልተቀየረም፤ የተቀየረው ፒስተኑ ነው። በኩራት የነገርኳቸው ፊልትሮም አላዳነኝም። ጨለማ ክፍል ውስጥ አምፖል ከውስጡ ስናበራ በሦስት ቦታ ብርሃን አሾለከ፤ በኮምፕረሰር ሙሉ ግፊት ከቅርብ ሲነፋ ወረቀቱ ተቀዷል። ከዚያ ወዲህ የሚነፋው ግፊቱ ተቀንሶ፣ ከራቅ ብሎ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ነው፤ ለዚያውም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከተነፋ በኋላ ይጣላል።

ሞተሩ ሲፈታ የሆነውን ነገር ብረቱ ራሱ ተናገረ። ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ቴስታታ እንደተነሳ ጋሼ ጥፍሬን በሊነሩ ግድግዳ ላይ ከታች ወደ ላይ እንድጎትት አደረጉኝ፤ የላይኛው ሪንግ የሚመለስበት ቦታ ላይ ጥፍሬ እንደ ደረጃ ያለ ነገር ያዘው። ከዚያ በላይ ያለው ብረት ሪንግ ስለማይደርስበት እንደ አዲስ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ተበልቷል። በመለኪያ ሲታይ ከታች 102.05 ሚሊ ሜትር የነበረው ከላይ 102.31 ሆኗል። የተለካው በየሲሊንደሩ በሦስት ከፍታ፣ በሁለት አቅጣጫ ነው፤ ሊነር ክብ ሆኖ አይበላም፣ ፒስተኑ በሚገፋበት ጎን ይበልጥ ይሰፋልና። አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» የሚል ካለ አትመኑት። የላይኞቹ ሪንጎች ከታችኞቹ ይልቅ እጅግ መሳሳታቸውና ፊታቸው ላይ ቁልቁል የተሰመሩ ጭረቶች መኖራቸው አቧራው ከላይ፣ ከአየር በኩል መምጣቱን አረጋገጠ። ችግሩ ቆሻሻ ዘይት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቤሪንጎቹ ቀድመው በተጎዱ ነበር።

ቤሪንጎቹም ቢሆኑ ከጭረት አልዳኑም። በእነሱ ላይ የሚዞረው ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ግን ሲለካ ከፋብሪካው መጠን አልወጣም ነበር። ቶርኖ ቤት ስንሄድ ወዲያው «0.25 ሚሊ ሜትር እንፍጨውና ወፍራም ቤሪንግ ይግባ» ተባልኩ። ጋሼ አልፈቀዱም። አንዳንድ ክራንክሻፍቶች ላያቸው በናይትሮጅን የጠነከረ በመሆኑ ሲፈጩ ያ ስስ ጠንካራ ሽፋን ይነሳና ውስጡ ለስላሳ ብረት ይቀራል። መጠኑን የጠበቀ ክራንክሻፍት ማለስለስ ብቻ ይበቃዋል፤ የእኔም ተለስልሶ መደበኛ ቤሪንግ ገባለት። ቴስታታውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፦ ቀጥ ማለቱ ታየ፣ ስንጥቅ ተፈተሸ፣ የቫልቭ ጋይዶች ተቀየሩ፣ ተመለሰ።

የሊነሩ ነገር ግን ሰፋ ተደርጎ ሊነገር ይገባዋል። በእኔ ሞተር ብሎክ ላይ ለየሲሊንደሩ የተመታ የደረጃ ቁጥር አለ፤ ሊነሩም በውጭ ስፋቱ ደረጃ ደረጃ ስላለው ሁለቱ መዛመድ አለባቸው። በመጀመሪያው እድሳት ይህን ያየ ስላልነበረ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሊነር በእጅ ተገፍተው የገቡ ናቸው። የላላ ሊነር ሙቀቱን ለብሎኩ አያስረክብም፤ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሪንጉም ቶሎ ይበላል። መሃል ያሉት ሁለቱ ሲሊንደሮች ይበልጥ የወደቁት በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። በዚህኛው ጊዜ ደረጃው ተመርጦ በፕሬስ ገባ። ከገባ በኋላ ደግሞ የሊነሩ አፍ ከብሎኩ ገጽ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ሰዓት በሚመስል መለኪያ ይታያል፤ ከፍታው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ማለፍ የለበትም፣ በጎረቤት ሊነሮች መካከል ያለው ልዩነትም ከ0.03 መብለጥ የለበትም። የእኛ አራተኛው 0.12 አሳየ። የቶርኖ ቤቱ ልጅ «ቴስታታው ሲጠብቅ ይቀመጣል» አለ። ጋሼ አስወጡት፤ ከአፉ ሥር የሩዝ ቅንጣት የማታህል የአሮጌ ካርቦን ቅርፊት ተጣብቃ ተገኘች። እንዲሁ ቢጠብቅ ኖሮ ወይ የሊነሩ አፍ ይሰነጠቃል፣ ወይ ጎረቤቱ በደንብ ሳይጨበጥ ቀርቶ ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል።

ሌላው በ2008 የተዘለለው የዘይት ማቀዝቀዣው ነው። በብሎኩ ጎን ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ማንም አያስታውሰውም፤ ነገር ግን ከአሮጌው ሞተር የወጣ የብረት ብናኝና አቧራ በስስ ሽንቁሮቹ ውስጥ ተቀምጦ አዲሱ ሞተር በተነሳ በመጀመሪያው ደቂቃ ወደ አዲሶቹ ቤሪንጎች ይሄዳል። ፈትተን በናፍጣ ስናጥበው ሦስት ጊዜ ጥቁር ዝቃጭ ወጣው፤ በአራተኛው ጋሼ ተስፋ ቆርጠው አዲስ አስገዙኝ። ብሎኩም የዘይት መንገዶቹ መድፈኛዎች ሁሉ ወጥተው በረጅም ብሩሽ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጠበ። በመጨረሻ የታየው እንደገና በዚያው ነጠላ ነው፦ የሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይት በነካው ነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ፒስተን አልገባም። ይህ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ወሰደ፤ ከጠቅላላው ሥራ የተሻለው ቀን እሱ ይመስለኛል።

ሞተሩ ወርዶ ሳለ ጉልበት ለመጨመር ተርቦ እንድገጥም የመከሩኝ ብዙ ናቸው። ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም፤ በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ያጣል፣ ተርቦ ደግሞ ያንን ይመልሳል። ነገር ግን የዚሁ ሞተር ባለተርቦ ዓይነት የተለየ ፒስተን፣ ፒስተኑን ከሥሩ በዘይት የሚረጭና የሚያቀዘቅዝ አፈሙዝ፣ የተለየ የናፍጣ ፖምፓም አለው። እነዚህን ሳያሟሉ ተርቦውን ብቻ ማንጠልጠልና ናፍጣ መጨመር በሽቅቡ ላይ ፒስተን ማቅለጥ ነው። ገንዘቤ ለሁሉም ስለማይበቃ ተውኩት፤ በምትኩ ሞተሩን የገደለውን ነገር የሚከላከሉ ማሻሻያዎችን መረጥኩ። ሰፋ ያለ የፊልትሮ ቤት ገዝቼ ከአፉ ላይ አየሩን እያሽከረከረ ከባዱን አቧራ አስቀድሞ የሚጥል ማጣሪያ አስገጠምኩ፤ የአየር መሳቢያውን ከካቢኑ ጀርባ ከፍ አድርጌ አሠራሁ፣ አቧራው ከጎማ ሥር ሲነሳ ዝቅ ብሎ ወፍሮ ከፍ ብሎ ይሳሳልና። ጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ አዲስ ሆኑ። ፊልትሮው ሲታፈን ቀይ የሚያሳይ ትንሽ አመልካችም አለ፤ እሱ ካልቀላ ፊልትሮው አይነካም።

ናፍጣ በማደያ ሲጠፋ ከበርሜል መቅዳት የማይቀር ስለሆነ ከፖምፓው በፊት ውኃ የሚለይ ማጣሪያ ጨመርኩ። ራዲያተሩ አንድ ረድፍ ቱቦ ተጨምሮበት ተሠራ። ቴርሞስታቱን ግን መልሼ አስገባሁት፤ ቆላ የሚሠሩ ሹፌሮች ሞተር እንዳይሞቅ ብለው አውጥተው ይጥሉታል፣ እኔም ጥዬው ነበር። 82 ዲግሪ ገደማ የሚከፈት ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጎንደር ጠዋት ላይ ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ ይሄዳል፤ ቀዝቅዞ የሚሄድ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ሪንጉን ይበላል። ከመብራት በቀር ምንም በማያሳየው ዳሽቦርድ ላይም ትክክለኛ የዘይት ግፊትና የሙቀት ጌጅ ተጨመረ።

ሲገጣጠም የሪንጉ ክፍተት በየሲሊንደሩ በፊለር፣ ማለትም በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ፣ ተለካ፤ ከፓኬቱ የወጣ ሪንግ ሁሉ ልክ ነው ብሎ ማመን አይገባም፣ ከእኛ ሪንጎች መካከል የአንዱ ክፍተት ጠቦ ስለነበር በደቃቅ ሞረድ ተስተካክሏል። የቴስታታው ብሎኖች ከመሃል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ፣ የማጥበቅ ኃይልን በሚለካው በቶርክ መፍቻ ጠበቁ። የቫልቭ ክፍተቱ በቀዝቃዛው 0.40 ሚሊ ሜትር ተደረገ። ከመነሳቱ በፊት ናፍጣው ተዘግቶ የዘይት ጌጁ እስኪነሳ ድረስ በባትሪ ብቻ ተዞረ፤ አዲስ ቤሪንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዞር ደረቅ መሆን የለበትም።

ፖምፓው ላይ አንድ ስህተት ሠርተናል። ኖዝሎቹና ፖምፓው በመጽሐፉ መጠን ተስተካክለው መጡ፤ ያ መጠን እንደ ኮምፕሬሽኑ ሁሉ ለዝቅተኛ ቦታ የተቆረጠ ነው። መተማ ላይ ንጹሕ የነበረው ጭስ የጭልጋዋ አይከል ስትቃረብ ጥቁር ሆነ፤ ጥቁር ጭስ አየር ያላገኘ ናፍጣ ነውና የሚያተርፈው ሙቀትና ጥቀርሻ ብቻ ነው። ተመልሰን ፖምፓው በሙሉ ጭነት የሚሰጠውን ናፍጣ በጥቂቱ አስቀነስነው። ቆላ ላይ ጉልበቱ ትንሽ ቀንሷል፤ ጭነት የሚከብደኝ ግን ደጋው ላይ በመሆኑ አልቆጨኝም።

አዲስ የታደሰን ሞተር ቆሞ ለሰዓታት ማስነሳት ልማድ ሆኗል፤ ጋሼ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። ያለ ጭነት ሲንጎራጎር ሪንጉ በግድግዳው ላይ በበቂ ግፊት ስለማይጫን ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልስና ሪንጉ ሳይስማማ ይቀራል። እኔ በማግስቱ ግማሽ ጭነት ጭኜ ወደ ማክሰኝት አቅጣጫ ወጣሁ፤ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ፣ በከባድ ማርሽ ሳላስጨንቀው። ዘይቱ በ1,000 ኪሎ ሜትር ተቀየረ፣ የቫልቭ ክፍተቱም ያኔ እንደገና ታየ። ኮምፕሬሽኑ ሲለካ አራቱም ከ23 እስከ 25 ባለው ውስጥ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ በየሰሊጥ ወቅቱ መጀመሪያ የማደርገው አንድ ነገር አለ። ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ፈትቼ የመሳቢያውን ብረት ውስጡን በስሱ ግሪስ እቀባለሁ፤ አንድ ጊዜ እርሻ ጣቢያ ደርሼ ስመለስ እከፍተዋለሁ። ግሪሱ ንጹሕ ከሆነ እሄዳለሁ። ባለፈው ዓመት ጥቂት ብናኝ ይዞ አገኘሁት፤ ረዳቴ ፊልትሮውን ሲመልስ የማሸጊያው ጎማ ታጥፎ ኖሯል። የዚያን ቀን ጭነት ቀረ፤ ጎማው ተስተካክሎ፣ ግሪሱ ተጠርጎ እንደገና ተቀብቶ በማግስቱ ወረድን።